ለጅማ ከተማ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት፦ ለሦስቱ ፊደሎቻችን አንድ ቤት ስጧቸው

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤውን በግልጽ የጻፍኩት ጉዳዩ የእኔ ብቻ ስላልሆነ ነው። ሌላውም የጅማ ልጅ አንብቦ የጎደለውን ይሙላበት።

የኮሪደር ልማቱ ከተማችንን እየቀየራት ነው። አመሻሽ ላይ ልጆቼን ይዤ አዌቱ ወንዝ ዳር ወጣ እላለሁ፤ ደስ ይላል። ግን ዝናብ ሲመጣ፣ ጅማ ላይ ደግሞ ዝናብ መች ይጠፋል፣ ሮጠን የምንገባው ካፌ ነው። ካፌ ሳይገዙ አያስቀምጥም። ልጆቹን ይዤ በነፃ የምቀመጥበት፣ እነሱ ሥዕል ያለው መጽሐፍ ሲገልጡ እኔ ጋዜጣ የማነብበት ቤት በቅርቤ የለኝም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ እንኳን ከ120 ሺህ በላይ ነበርን፤ ዛሬ ስንት እንደምንሆን ገምቱት። አንድ ጊዜ ማጣቀሻ ፈልጌ አንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። «ተማሪ ነህ?» አሉኝ። አይደለሁም። ከበር ተመለስኩ።

ዋናው የምላችሁ ነገር ግን ሌላ ነው።

አያቴ ኦሮምኛ የሚጽፉት በዓረብኛ ፊደል ነበር፣ አጀሚ የሚባለው። እናቴ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሀ ሁ ቆጥራ፣ ኦሮምኛንም አማርኛንም በግዕዝ ፊደል ማንበብ ቻለች። ልጄ ደግሞ ትምህርት ቤት ቁቤ፣ የላቲኑን ፊደል ነው የምትማረው። አንድ ቤት፣ ሦስት ፊደል። አያቴ የጻፉትን ልጄ ማንበብ አትችልም፤ እኔም አልችልም። ይሄ የእኛ ቤት ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጅማ ውስጥ ብዙ ቤት እንዲህ ነው።

አያቴ ሲሞቱ የወረስነው አንድ ሳጥን ደብተር ነው። አንድ የሚያነብ ሽማግሌ ለምነን ትንሽ ትንሽ ነገሩን፦ ዱዓ አለበት፣ የመድኃኒት ቅጠል አለበት፣ ደግሞ ማን ስንት ፈረሱላ ቡና ዕዳ እንዳለበት ተጽፎበታል። የከተማዋ የቡና ንግድ ታሪክ በአንድ ነጋዴ እጅ! ሳጥኑ ግን ማድቤት አጠገብ፣ ወለል ላይ ነበር የተቀመጠው። የጅማን እርጥበት ታውቁታላችሁ። ግማሹን ሻጋታ፣ የቀረውን ምስጥ ጨረሰው፤ ገጹን ስገልጠው እጄ ላይ ፍርፍር አለ። ያን ቀን እንዳለቀስኩ ብነግራችሁ አላፍርም። የተረፉት ሦስት ደብተሮች ናቸው።

ጅሬን ላይ ያለው የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለልን። ሙዚየሙም የንጉሡን ዕቃ ይዞ ቆይቷል። እሰየው። ግን አባ ጅፋር ከ50 ዓመት በላይ ሲገዙ ጅማ የገበያ ብቻ ሳይሆን የእስልምና ትምህርት አገርም ነበረች። ያ ዕውቀት ያለው በወረቀት ላይ ነው፤ ወረቀቱ ደግሞ በየሰዉ ሳጥንና ቆጥ ላይ። ቅርስ ስንል ግንቡና ዙፋኑ ብቻ ወደ ዓይናችን ባይመጣ ጥሩ ነበር።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ቤት፣ ለሁሉም ክፍት የሆነ ቤተ መጻሕፍት ነው። ሰው በእግሩ የሚደርስበት፣ ለምሳሌ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ካሉት የጥንት ቤቶች አንዱ ታድሶ ቢሰጥ በቂ ነው። በአጀሚ፣ በግዕዝና በቁቤ የተጻፈው ሁሉ አንድ ጣሪያ ሥር ይግባ። የድሮ ወረቀት ያለው ቤተሰብ አምጥቶ ፎቶ ይነሳለት፣ ኮፒው እዚያ ይቅር፣ ዋናውን ግን ይዞ ይመለስ። ይሄን አጥብቄ የምለው ሰው «ይወስዱብኛል» ብሎ ስለሚፈራ ነው፤ ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አይደለም። አጀሚ የሚያነቡት ሽማግሌዎች ደግሞ እያለቁ ነው። አሁን በሕይወት ያሉት ተከፍሏቸው ለወጣት ቢያስተምሩ ቤቱ ሲከፈት አንባቢ ይኖረዋል። ሕንፃው ቢዘገይ እንኳን ይሄ ባይዘገይ።

ሰዓቱንም አስቡበት። በመሥሪያ ቤት ሰዓት ተከፍቶ በመሥሪያ ቤት ሰዓት የሚዘጋ ቤተ መጻሕፍት ለሠራተኛ ምኑም አይደለም። እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ ቅዳሜና እሑድም ክፍት ይሁን። የጅማ ደራሲም መጽሐፉን እዚያ ያስመርቅ፤ ለምረቃ ብሎ 350 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ የሚሄደው እዚህ የሚሰበስበው ቤት ስላጣ ነው። አዲስ አበባ ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ወመዘክር የሚባለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አላት፣ አሁን ደግሞ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተጨምሮላታል። እኛ ያን ያህል አልጠየቅንም።

ሦስቱ ደብተሮች አሁን እናቴ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በነጠላ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ቤቱ የሚከፈትበትን ቀን ንገሩኝ፤ ይዣቸው እመጣለሁ።