ኪኪ ትበልጣለች፣ እጅ አልሰጥም

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ወንድምሽም ደህና ነው፣ ብቻ ከጃፓናዊው የካርቱን ፊልም ሠሪ ከሃያዎ ሚያዛኪ ፊልሞች የትኛው ይበልጣል ብላችሁ በስልክ ከተጨቃጨቃችሁ ወዲህ ሞኖኖኬ ሞኖኖኬ እያለ ጆሯችንን አደንቁሮታል። አንቺ ስፒሪትድ አዌይ ትያለሽ፣ እሱ ፕሪንሰስ ሞኖኖኬ ይላል። እኔ አፌን ስከፍት ደግሞ ሁለታችሁም ትስቃላችሁ። ስለዚህ በደብዳቤ ልንገርሽ። እዚህ መሃል ገብቶ የሚያቋርጠኝ የለም።

ከሃያዎ ሚያዛኪ ፊልሞች አንደኛዋ ኪኪስ ዴሊቨሪ ሰርቪስ ናት።

«እማዬ ደግሞ! እሱ እኮ የልጆች ነው» እንደምትይ አውቃለሁ። ቆይ፣ አትቸኩይ።

መጀመሪያ የእናንተን ሐቅ ልናገር። ስፒሪትድ አዌይ ትልቅ ፊልም ነው፣ ማን ይክዳል። እ.ኤ.አ. በ2002 በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ትልቁን ሽልማት፣ ወርቃማውን ድብ ወሰደ፣ በዓመቱ ኦስካር ጨመረበት። ጃፓን ውስጥ የታይታኒክን ገቢ በልጦ እስከ 2020 ድረስ የሚደርስበት አልተገኘም። ለእኔ ግን ከሽልማቱ ሁሉ የሚበልጥብኝ ሀኩ የሚባለው ልጅ ለዋናዋ ልጅ ለቺሂሮ የሩዝ ድቡልቡሉን ሲሰጣት ነው። እናትና አባቷ አሳማ ሆነዋል፣ እሷ ራሷን ይዛ እዚያ ደርሳለች። አንዴ ትጎርሳለች፣ ትደግማለች፣ ከዚያ ያ ትልልቅ እንባ ዱብ ዱብ ይላል። ለቅሶ ቤት የዋለ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሰው ደርቆ ይቆይና እህል ሲቀምስ ነው የሚፈነዳው። ጃፓናዊው ሰውዬ ይህን ከየት አወቀው?

ግን ልጄ፣ እዚያ የመናፍስቱ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የሚርመሰመሰው ፍጡር ብዛት ያዞረኛል። ወደ መጨረሻው ላይ ማን ማንን እንደረገመ ይጠፋብኛል።

የወንድምሽን ፊልም በተመለከተ የብረት ማቅለጫው መንደር አለቃ የሆነችውን ሴትዮ፣ ኤቦሺን ብቻ ላንሳ። ጫካውን የምትጨፈጭፈው እሷ ናት። በለምጽ የተያዙትን አስጠግታ ሥራ የሰጠችውም እሷ ናት፣ ከሴተኛ አዳሪነት ያወጣቻቸውን ሴቶች ብረት ማቅለጫው ላይ ያሰለፈችውም እሷው። እንዳትጠያት ደግ ናት፣ እንዳትወጃት አጥፊ ናት። ብልህ ፊልም ነው። ነገር ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ግንባሩን እንደቋጠረ ይኖራል። አንድ ጊዜ ፈገግ ቢል ምን ነበረበት?

አባትሽ ፖርኮ ሮሶ ይላል (ማንም አልጠየቀውም)። አያቱ አርበኛ ስለነበሩ አይፈረድበትም። የሙሶሊኒ አውሮፕላን በእኛ ላይ ምን እንዳዘነበ እየሰማ ያደገ ሰው፣ አንድ ጣልያን ፓይለት ፋሺስት ከመሆን አሳማ መሆን ይሻለኛል ሲል ሲሰማ ደስታውን አይችለውም። ያቺን ቦታ መልሶ መላልሶ ነው የሚያያት። ለውድድራችን ግን አይቆጠርለትም።

አሁን ወደ ኪኪ ልምጣ። ታሪኩ መነሻው የኤይኮ ካዶኖ መጽሐፍ ነው፣ ፊልሙ በ1989 ወጣ። ሌላው የሚያዛኪ ፊልም ቶቶሮ ከዓመት በፊት ሲወጣ ሲኒማ ቤት ብዙም አልቀናውም ነበር፣ ጂብሊ የሚባለውን የሚያዛኪን ስቱዲዮ በገበያው ያቆመችው ኪኪ ናት። አንዲት ጠንቋይ ልጅ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት ከቤት ወጥታ፣ በማታውቀው ከተማ አንድ ዓመት ራሷን ችላ መኖር አለባት። (አክስትሽ «ጠንቋይ» የሚለውን ስትሰማ ቴሌቪዥኑን ልታጠፋ ተነስታ ነበር። ቆማ ጀምራ ቁጭ ብላ ጨረሰችው።)

አወጣጧን ልብ ብለሽዋል? የአየሩን ሁኔታ በሬዲዮ ሰማችና «ዛሬ ማታ እሄዳለሁ» አለች። እናትየዋ መድኃኒት እየቀመመች ነበር፣ ደንግጣ ተበላሸባት። አባትየው አብረው ለሽርሽር ሊወጡ ድንኳን ተውሶ እየመጣ ነው። ልጅቱ ተዘጋጅታለች፣ ቤተሰቡ ነው ያልተዘጋጀው። ደግሞ መጥረጊያው አለ። ኪኪ የራሷን አዲስ መጥረጊያ ሠርታለች፣ እናቷ ግን የኔን አሮጌውን ያዢ፣ እሱ ማዕበል አያስደነግጠውም ትላታለች። ትከራከራለች። ኋላ ይዛው ትሄዳለች። አንቺም ጋቢው ሻንጣ አልገባ አለኝ ብለሽ የተከራከርሽኝን አስታውሳለሁ። ስቶክሆልም ብርድ ላይ ማን ትክክል እንደነበር አልጠይቅሽም።

ስቶክሆልም ካልኩ አይቀር፣ የኪኪ ከተማ እኮ አንቺ ያለሽበት ነው! ሠዓሊዎቹ መልኳን የቀዱት ከስቶክሆልምና ጎትላንድ ደሴት ላይ ካለችው ከቪስቢ ነው። ሚያዛኪ ገና ስሙ ሳይወጣ፣ በ1971፣ የስዊድናዊቷን የልጆች ደራሲ የአስትሪድ ሊንድግሬንን «ፒፒ» የተባለ ታሪክ ፊልም ለማድረግ ፈቃድ ፍለጋ ስዊድን ሄዶ ነበር። ፈቃዱ አልተገኘም። ቪስቢን ግን አይቶ ተመለሰ። በአሮጌው ከተማ በጋምላ ስታን በኩል ስታልፊ ቀና ብለሽ ጣሪያዎቹን እያቸው፣ ከዚያ የልጆች ነው በዪኝ።

አሁን የክርክሬ ዋና ነገር። ኪኪ የምትተዳደረው በመጥረጊያዋ እየበረረች የሰው ዕቃ በማድረስ ነው። አንዲት አሮጊት ለልጅ ልጃቸው የልደት ግብዣ የዓሣ ፓይ ሊልኩ ይፈልጋሉ። የኤሌክትሪኩ ምድጃ አልሠራ ይላል። ኪኪ የድሮውን የእንጨት ምድጃ ታነድላቸዋለች፣ ጊዜው ይሄዳል፣ እሷ የተጠራችበት ግብዣም እያመለጣት ነው። ከዚያ ዝናቡ ወረደ። በስብሳ ደርሳ በሩን ስታንኳኳ ያቺ ልጅ ዘንጣ ወጣችና ይህን ፓይ እንደማልወደው ነግሬያቸው ነበር አለች። ተቀበለች፣ በሩ ተዘጋ። በቃ። ይቅርታ የሚጠይቅ የለም፣ የሚቀጣም የለም። ኪኪ ቤቷ ገብታ ትኩሳት ይዟት ትተኛለች፣ ያስጠጋቻት የዳቦ ቤት ባለቤት ኦሶኖ፣ እርጉዟ፣ ቀጭን የወተት ገንፎ ሠርታ ታመጣላታለች።

ከዚያ በኋላ መብረር ያቅታታል። ማንም አልረገማትም፣ ክፉ ሰው አልመጣባትም። ደከማት፣ ከራሷ ጋር ተጣላች። ሚያዛኪ ድራጎንና የተኩላ አምላክ መሳል የሚችል ሰው ነው። እዚህ ግን ሥራ የሰለቸውን ሰው ነው የሳለልሽ፣ አንዲት ልጅ አልጋ ላይ ተጋድማ። ይህ ከጦርነት በላይ ይከብዳል። ጫካ ውስጥ የምትኖረው ሠዓሊዋ ኡርሱላ የምትሰጣት ምክርም ደስ ይለኛል። ሥዕሉ እምቢ ሲላት እንደምትተወው፣ በእግሯ እንደምትሄድ፣ ቀን ላይ እንደምትተኛ ትነግራታለች። የፈተና ሰሞን አንቺን የምልሽን አይደል?

እንከን የላትም አልልም። መጨረሻ ላይ ያለው የአየር መርከብ ግርግር የተለጠፈ ይመስለኛል። ያለ እሱ ብታልቅ እመርጥ ነበር።

አንድ የመጨረሻ ነገር። አንቺ ልጅ ሆነሽ ያየሽው ዲዝኒ በ1998 በእንግሊዝኛ ያወጣውን ነው። መብረር ሲያቅታት ንግግሩ የጠፋባት ድመቷ ጂጂ፣ እዚያ መጨረሻ ላይ እንደገና ያናግራታል። ጃፓንኛው ላይ እንዲህ የሚባል ነገር የለም። መብረሯ ይመለሳል፣ የድመቱ ንግግር አይመለስም። ትከሻዋ ላይ ዘሎ ይወጣና ሚያው ይላል፣ እሷም ትስቃለች። ስለዚህ አንቺ የፈረድሽው በሌላ ፊልም ላይ ነው ማለት ይቻላል። ጃፓንኛውን በሰብታይትል ፈልገሽ እዪው።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ደውይ። መልስሽን አዘጋጅተሽ ጠብቂኝ፣ የሩዙን ነገር ግን ይዘሽ እንዳትመጪ፣ እሱን አስቀድሜ አምኜልሻለሁ።

እናትሽ