ደቻቱ በጀት እስኪለቀቅ አይጠብቅም፤ ለድሬ ልጆች የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

በድሬዳዋ፣ በጅቡቲ፣ በዐረብ አገር፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ለምትኖሩ የድሬ ልጆች ሁሉ፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በደቻቱ ወንዝ ዳር ያለን ሦስት ዕድሮችና ሁለት አፎቻዎች (እንደ ዕድር ያሉ የመረዳጃ ማኅበራት) ስንመክር ከርመን፣ ከጎርፉ ለመጠበቅ ይህን ጥሪ ልንልክላችሁ ተስማምተናል።

ደቻቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በበጋ የከተማዋን ሠፈሮች ከዚራንና መጋላን የሚለይ ደረቅ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ግመል ይነዳበታል፤ ነጋዴው ሸራውን ዘርግቶ ይቸረችርበታል። ሰውን የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። ዝናቡ የሚጥለው ላይ በደንገጎና በሐረርጌ ደጋ ስለሆነ፣ እኛ ጋ ጠብታ ሳይወርድ ደራሽ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል።

ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ፣ ጎርፉ ያደረሰውን መቼም አንረሳም። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፤ ወደ 10,000 የሚጠጋው ተፈናቀለ። ይህን የምጽፍላችሁ እኔ ያን ሌሊት ጣሪያ ላይ ካደሩት አንዱ ነኝ። ድምፁን መጀመሪያ ስሰማ ባቡር መስሎኝ ነበር። ዕድር ለቀብር የሚከፍለው ለሟች ቤተሰብ ነው፤ በዚያ ሳምንት ግን ገንዘቡን የሚቀበል ሰው ያልተረፈላቸው ቤቶች ነበሩብን።

መንግሥት ምንም አልሠራም አንልም። ከዚያ ወዲህ በወንዙ ግራና ቀኝ የተሠራው ግንብ ብዙ ነፍስ እንዳተረፈ እናምናለን። ቅር የሚለን የገንዘቡ ቅደም ተከተል ነው። ለድንኳን፣ ለስንዴና ለብርድ ልብስ የሚሆን ገንዘብ ሰው ከሞተ በኋላ ይገኛል፤ እርከን ለመሥራትና ቦይ ለመጥረግ ስንጠይቅ ግን መልሱ «ለሚቀጥለው ዓመት» ነው። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። ገንዘቡ ተለቆ፣ ጨረታ ወጥቶ፣ ተቋራጭ ሥራ እስኪጀምር ክረምቱ አልፏል። ደራሹ የሚበረታው ደግሞ በዚያው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በልጉም አለ፤ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. አራት ሰው የወሰደው ጎርፍ የመጣው በበልግ ነበር።

ሌላም ችግር አለ። ውኃው የሚነሳበት ተራራ ከፊሉ በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ነው፤ ጉዳቱ የሚደርሰው ግን በከተማችን ላይ ነው። የላይኛው ገበሬ እርከን ቢሠራ የሚተርፈው የታችኛው ሰው ነውና፣ ወጪው በማን በጀት ይያዝ የሚለው ጥያቄ ሥራውን ያጓትተዋል። ይህን ለሚመለከታቸው በደብዳቤ አሳውቀናል፤ መልስ እስክናገኝም መጠየቃችንን አናቆምም።

እስከዚያው ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። ደቻቱን መግታት ከአቅማችን በላይ ነው። ወደ ሠፈራችን የምትገባዋን አንዲት ገባር ግን ስድስት ቦታ ላይ በጋቢዮን (ድንጋይ በሚሞላ የሽቦ ሳጥን) ክትር ልንይዛት አስበናል። ቦታዎቹን ያለ ክፍያ ያጠናልን የሠፈራችን ልጅ የሆነ የውኃ መሐንዲስ ነው። ክትር ጎርፉን አያስቀርም፤ ኃይሉን ይሰብራል፣ ድንጋዩንና ደለሉን ከላይ ያስቀራል። የሚገዛው ሽቦው ነው። 2 ሜትር ርዝመት፣ አንድ አንድ ሜትር ወርድና ከፍታ ያለው አንዱ የሽቦ ሳጥን 2 ሜትር ኩብ ድንጋይ ይይዛል። ድንጋዩን ከወንዙ እኛው እንለቅማለን፤ ጉልበትም አለን።

ለእኔ ግን የሚበልጥብኝ ሁለተኛው ሥራ ነው። ላይ መንደር የሚኖሩ ሁለት አባወራዎች ደጋው ላይ ከባድ ዝናብ በጣለ ቁጥር፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሊደውሉልን ቃል ገብተውልናል። ለእነሱ ስልክ፣ በፀሐይ የሚሠራ ቻርጀርና የካርድ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ለሠፈሩ ደግሞ መብራት ቢጠፋም በባትሪ የሚጮኽ ሳይረን። መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ድምፅ ማጉያቸውን ሊሰጡን ፈቅደዋል። ደራሹ ከደጋ ወርዶ እኛ ጋ እስኪደርስ ያለችው ጊዜ አጭር ናት፤ አንዲት እናት ልጇን አዝላ ወደ ከፍታ ለመውጣት ግን ትበቃታለች። በ1998 ያን የሚነግረን አላገኘንም።

በልጉ መጋቢት ላይ ሊገባ ስለሚችል ገንዘቡን እስከ ጥር መጨረሻ ማሰባሰብ እንፈልጋለን። ትንሽ ነው ብላችሁ አትተዉት፤ የአንድ ሳጥን ሽቦ ለሦስትና ለአራት ሆኖ መግዛትም ይቻላል። ገንዘቡ የሚወጣው በሦስት ፈራሚዎች ነው፤ የተገዛው ዕቃ ደረሰኝም በየወሩ ዕድር ስብሰባ ላይ ይነበባል። የሒሳብ ቁጥሩ በየዕድሩና በየአፎቻው ገንዘብ ያዥ እጅ ስላለ፣ ውጭ አገር ያላችሁ በቤተሰቦቻችሁ በኩል ጠይቁ። ብር የሌለው አካፋ ወይም ጋሪ ያውሰን።

ድንጋይ ለቀማው የሚጀመረው ከጥምቀት ቀጥሎ ባለው እሑድ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። መገናኛችን ከድልድዩ ሥር ነው፤ ውኃ ይዛችሁ ኑ።