ዉዲስ በር ላይ እጠብቅሻለሁ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለሰላም፤

እንደምን ከረምሽ? እኔም እናትሽም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ብርዱ ሲገባ የእናትሽ ጉልበት ብቻ ያስቸግራታል። ሌላው ሁሉ ሰላም ነው።

ይህን የምጽፍልሽ ባለፈው ቅዳሜ ስለተናደድሽብኝ ነው። እውነትሽን ነው። ደውዬ «ሄክትስ በር ላይ ቆሜያለሁ፣ ነይ» አልኩሽ። ግማሽ ሰዓት ስትዞሪ ቆየሽ። ስልክሽ ላይ ያለው ካርታ ሄክትስ የሚባል ነገር አያውቅም። በመጨረሻ ስታገኚኝ «አባዬ፣ የሌለ ሱቅ በር ላይ ቆመህ ነው የምትጠራኝ?» አልሽኝ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ መኪናው ውስጥ ገባሁ። እዚያው ልነግርሽ ነበር፤ ግን የሥራ ሰዓትሽ ደርሶ ስለነበር ዝም አልኩ። አሁን በጽሑፍ ልንገርሽ። አማርኛው ከከበደሽ ቀስ እያልሽ አንብቢው። ያን ሁሉ ቅዳሜ ፊደል እንድትማሪ ያመላለስኩሽ ለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው መንገድ የሚያሳየው እንዲህ ነው። ሰንጋ ተራ ብትሄጂ ሰንጋ የለም። ካዛንቺስ የሚለው ስም ጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ይሠራ ከነበረ ድርጅት የመጣ ነው። እነሱ ከሄዱ ሰማንያ ዓመት አለፈ፣ ስሙ ግን ቁጭ ብሏል። ዶሮ ማነቂያም ፈረሰ ሲሉኝ አጎትሽ በስልክ «ዶሮ ማነቂያ የነበረው ጋ» እያለ ነው የሚያወራኝ። እኔም ዋሽንግተንን የያዝኳት በዚሁ ዘዴ ነው። የያዝኩባቸው ችካሎች ደግሞ ትልልቆቹ ሱቆች ነበሩ።

ከሱዳን የመጣሁት እ.ኤ.አ. በ1984 ጥር ላይ ነው። ካርቱም እያለሁ በረዶ የሚባለውን በፎቶ ብቻ ነበር የማውቀው። የተቀበለችን ቤተ ክርስቲያን አንድ የተለገሰ ካፖርት ሰጠችኝ። እጅጌው ጣቴን አልፎ ይወርዳል። ያንን ለብሼ ሰሃን ከማጥብበት ምግብ ቤት ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ምግብ ቤት ስመላለስ ከረምኩ። በኅዳር ላይ ግን ገንዘብ አጠራቅሜ «የራሴን እገዛለሁ» ብዬ ወደ ዉዲስ ሄድኩ።

ዉዲስ የቁልምጫ ስሙ ነው። ሙሉ ስሙ ዉድዋርድ ኤንድ ሎትሮፕ ይባላል፤ በ1880 ሁለት ሸሪኮች የመሠረቱት ንግድ ነው። ማንም ግን በሙሉ ስሙ ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም። ዋናው ሱቅ 11ኛውና ኤፍ ስትሪት ላይ ነበር። የገረመኝ ነገር ምን መሰለሽ? ሜትሮ ሴንተር ከባቡር ትወርጃለሽ፣ ወደ ውጭ ሳትወጪ፣ ሰማይ ሳታዪ፣ ከመሬት በታች ባለው በር ሱቁ ውስጥ ትገቢያለሽ። ለእኔ ይሄ ተአምር ነበር። እኔ የማውቀው ሱቅ ባለቤቱ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ «ምን ልስጥህ?» የሚልበት ነው። እዚህ የሚጠይቀኝ አጣሁ። ሽቶው ጋ ትንሽ ቆሜ፣ እንደ ሥራ ፈት እንዳልታይ ፈርቼ፣ በተንቀሳቃሹ ደረጃ ወደ ላይ ወጣሁ።

የወንዶች ልብስ ጋ አንዲት ጠና ያሉ ጥቁር ሴትዮ ነበሩ። እንግሊዝኛዬ ገና አልተፍታታም። «ኮት» ስላቸው ምን እንደሰሙ እንጃ፣ ሱሪ አመጡልኝ። በእጄ ትከሻዬን መታ መታ አድርጌ፣ ተንቀጥቅጬ አሳየኋቸው። ሳቁ። ከዚያ የለበስኩትን ራሳቸው አወለቁልኝና ግራጫ የሱፍ ካፖርት አለበሱኝ። ወደ መስታወቱ አዞሩኝ። ልክ እናት ልጇን ለጥምቀት አልብሳ እንደምታየው ራቅ ብለው አዩኝ። ዋጋው የሳምንት ደመወዜን ከግማሽ በላይ ወሰደ። ከፈልኩ። በካርቶን አድርገው ሰጡኝ። ካፖርቱ አልቋል፤ ካርቶኑ እናትሽ ቁም ሳጥን ላይ አለ፣ የዜግነት ወረቀታችንን የያዘው እሱ ነው። ባለፈው ቤት ስታጸጂ «ይሄ አሮጌ ካርቶን ይጣል?» ያልሽው። አይጣልም።

ሁሉም እንደዚያ ነበር ብዬ አልዋሽሽም። በአንድ ሌላ ሱቅ ጥበቃው ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ ተከትሎኝ ያውቃል። ስሙን አልጽፍም። ካልሲ ልገዛ ገብቼ ሳልገዛ ወጣሁ።

በኋላ ታክሲ መንዳት ስጀምር እነዚህ ሱቆች እንጀራዬ ሆኑ። ያኔ ታክሲ ውስጥ ሜትር የለም። ከተማዋ በዞን ተከፋፍላ ነበር የምናስከፍለው፤ ሜትሩ የገባው በ2008 ነው። በፈረንጅ ገና ሰሞን ቅዳሜ ከሰዓት ዉዲስ በር ላይ መቆም ማለት ቁጭ ብሎ ላም ማለብ ነበር። እጁ በከረጢት ያልሞላ ሰው አይወጣም። ካልሆነም ሁለት መንገድ ተሻግሬ 12ኛውና ጂ ላይ ሄክትስን እይዛለሁ። ያ በ1985 የተከፈተው አዲሱ ሄክትስ ነው። ባለፈው ቅዳሜ የቆምኩት እዚያ ነበር።

አሮጌው ሄክትስ ሰባተኛውና ኤፍ ላይ ነበር። ስለሱ የነገሩኝ አንዲት ተሳፋሪ ናቸው። በዚያ ስናልፍ «እስቲ ቀስ በል» አሉኝና ሕንፃውን በጣታቸው አሳዩኝ። ልጅ ሆነው ከእናታቸው ጋር እዚህ ልብስ ይገዙ ነበር። መግዛት ይቻላል። ምድር ቤት ካለው የምሳ ባንኮኒ ተቀምጦ መብላት ግን ለጥቁር አይፈቀድም። ገንዘብሽን ይቀበላሉ፣ ሳንድዊች አይሸጡልሽም። በ1951 ሜሪ ቸርች ቴሬል የሚባሉ ሴት ሰው አስተባብረው በር ላይ ሰልፍ ቆሙ። የሰማንያ ሰባት ዓመት አሮጊት ነበሩ፣ በከዘራ! ወራት ፈጀ። በ1952 ጥር ላይ ሱቁ እጁን ሰጠ፣ ባንኮኒው ለሁሉም ተከፈተ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሌላ ምግብ ቤት ጉዳይ ለከተማዋ በሙሉ ወሰነ።

ሴትየዋን አውርጄ ስመለስ ካፖርት የሸጡልኝ ሴትዮ ትዝ አሉኝ። በዕድሜያቸው ሳሰላው ያንን ጊዜ ሳያዩት አልቀሩም። ዛሬ ያ ሕንፃ ቴሬል ፕሌስ ነው የሚባለው። የባለሱቁ ስም ሄዶ የተሰለፉበት ሴት ስም በሩ ላይ ቀረ። እኔ አሁንም አሮጌው ሄክትስ እለዋለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ማረም ያለብኝ እኔ ነኝ።

አንቺ የምታስታውሺው ካለ የዉዲስን የገና መስኮት ነው። በመስታወቱ ውስጥ የሚንቀሳቀሱ አሻንጉሊቶች ያሳዩ ነበር። በ1994 ወሰድንሽ፣ ሦስት ዓመትሽ ነበር። አፍንጫሽን መስታወቱ ላይ ለጥፈሽ አልነሣም አልሽ። እናትሽ በብርድ ደርቃ «ነገም እንመጣለን» ብላ ዋሸችሽ። የመጨረሻው ገና እሱ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ዉዲስ ከስሮ ተዘጋ። የመጨረሻዎቹ ቀናት ላይ ገብቼ አይቼዋለሁ፤ ባልገባ ይሻል ነበር። ልብሱ አልቆ መደርደሪያው ይሸጣል። ሕንፃው ኦፔራ ቤት ሊሆን ነው ተባለ፣ አልሆነም። ዓመታት ባዶውን ቆይቶ ለሌሎች ሱቆች ተከራየ።

እናትሽ ግን የሄክትስ ሰው ነበረች። የእሑድ ጋዜጣ የሚገዛው ለዜናው እንዳይመስልሽ። እኔ የመጀመሪያውን ገጽ ሳነብ እሷ በመቀስ ኩፖን ትቆርጣለች። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አለ ከተባለማ አለቀ! አንሶላ፣ ፎጣ፣ የውስጥ ልብስ፣ የሴት አያትሽ ሹራብ። ሻንጣው በሚዛን ሲከብድ ኤርፖርት ላይ ፈተን የምናወጣው እኛ ነን። በስሜ የተጻፈ የመጀመሪያው ካርድም የሄክትስ ነው። ባንክ «የብድር ታሪክ የለህም» ብሎ ሲመልሰኝ ሱቁ ሰጠኝ። ካርዱ ላይ የአባቴ ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተጽፎ ሳየው ደስ አለኝ። አባቴ አንድም ቀን አሜሪካን ሳያይ አሜሪካ ውስጥ ዱቤ አለው ብዬ ሳቅሁ። በ2006 ሄክትስ በሙሉ ሜሲስ ሲባል እናትሽ ለአንድ ሳምንት አኮረፈች። ማንን እንዳኮረፈች አላውቅም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ፌንተን ላይ ክትፎ የምንበላበትን ቤት ታውቂዋለሽ? ከዚያ ትንሽ አለፍ ብሎ ያለው ኤልስወርዝ ፕሌስም ሄክትስ ነበር። በ1947 ከመሃል ከተማ ወጥቶ በከተማ ዳር መንደር የከፈተው የመጀመሪያ ቅርንጫፉ ነው። በኋላ ወደ ዊተን ሄደ፤ የእኛ ሰው መንደሩን ሲሞላው ሱቁ የለም።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰው ግን ያንቺ ወሬ ነው። የምትሠሪበት ሆስፒታል ወደ ላንድማርክ ሊዛወር ነው ስትዪን እኔና እናትሽ ተያየን። ላንድማርክ፣ ያ የድሮው የገበያ ማዕከላችን፣ ሞሉ! ስሙ ራሱ የቦታ ምልክት ማለት ነው፣ ግን ምልክቱ ጠፋ። በ1965 ሲከፈት ሄክትስ፣ ዉዲስና ሲርስ ሦስቱም በአንድ ቦታ ነበሩ። የትምህርት ቤት ጫማሽን በየነሐሴው የምንገዛው እዚያ ነው። አንድ ቀን ደግሞ የተንጠለጠሉ ካፖርቶች መሃል ተደብቀሽ እናትሽን አስለቅሰሻታል። እኔ ነኝ በእግርሽ ያወቅሁሽ፣ ቀይ ጫማሽ ከስር ብቅ ብሎ።

ሞሉ በ2017 ተዘጋ። በዓመቱ የፊልም ሰዎች መጥተው የ1980ዎቹን ሞል አስመስለው አስጌጡት አሉ። እኛን ቢጠይቁን በነፃ እንነግራቸው ነበር። በዚያው ዓመት ሜሲስ የነበረው ክፍል ቤት ለሌላቸው ሰዎች ማደሪያ ሆነ። ይሄኛውን እወደዋለሁ። ከዚያ በ2022 ማፍረስ ጀመሩ። አሁን ክሬኑ ብቻ ነው የሚታየው። ሆስፒታሉ በ2028 ይከፈታል ተብሏል። የመጀመሪያ ቀንሽ እኔ ልውሰድሽ። የት ጋ እንደተደበቅሽ በግምት አሳይሻለሁ፣ ምናልባት ድንገተኛ ክፍሉ ጋ ይሆናል።

የፊታችን ቅዳሜ ለእናትሽ መድኃኒት ስትመጪ እንዳትረሺኝ። አሥር ሰዓት ላይ ዉዲስ በር ላይ እጠብቅሻለሁ።

እሺ፣ እሺ። 11ኛውና ኤፍ።

አባትሽ