የመሀል ኳስ፦ የሜዳ ቴኒስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

«ቴኒስ? ደብረ ብርሃን ላይ?» የሚለውን ጥያቄ ዘንድሮም ከመስከረም ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ከወላጅም፣ ከባልደረባም። መልሴ ያው ነው። አዎ፣ ደብረ ብርሃን ላይ። ከትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ጀርባ፣ ሰሌዳው ወድቆ ብረቱ ብቻ በቀረው የድሮ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ። ማክሰኞና ሐሙስ ከ10 ሰዓት በኋላ በዚያ በኩል ያለፈ ሁሉ አይቶናል።

ሜዳችን አንድ ነው። ራኬታችን ስምንት ነው። ከስምንቱ የሁለቱ ክር ተበጥሶ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ከርመዋል፤ ክር የሚወጥር ሰው እዚህ ከተማ አላገኘንም። መረቡን ያረጀ የጎል መረብ ቆርጠን ነው የሰራነው። ጠርዙን ልብስ ሰፊው በነጭ የማዳበሪያ ጆንያ ሰፋልን። ቁመቱ ግን በደንቡ ነው፤ መሀሉ 91 ሳንቲ ሜትር፣ ዳርና ዳሩ 107። ልጆቹ በየቀኑ በሜትር ይለካሉ።

በመስከረም 43 ልጆች ተመዘገቡ። በነጠላ ብናጫውት ሁለቱ ይጫወታሉ፣ 41ዱ ቆመው ያያሉ። ስለዚህ ክበባችን ከተመሰረተ ጀምሮ የሚጫወተው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው። ልጆቹ «ዳብል» ይሉታል። አራት ልጅ ይገባል፣ የተሸነፈው ጥንድ ይወጣል፣ ቀጣዩ ይተካል። ማንም ከአምስት ደቂቃ በላይ ብርድ ላይ ቆሞ አይጠብቅም። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ንፋስ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

በጥቅምት አንድ እንግዳ ልምምዳችንን ሊያዩ መጡ። ጥቂት አዩና «ዳብልማ ነጠላ ያቃታቸው ሰዎች ጨዋታ ነው» አሉ። ልጆቹ ሰሙ። ክፉ አስበው የተናገሩት አይመስለኝም። ግን የዚያን ቀን ልምምዱ ቀዘቀዘ። አንዱ ልጅ ራኬቱን ሲመልስ «ቲቸር፣ እኛ እውነተኛውን ቴኒስ መቼ ነው የምንጀምረው?» አለኝ። ቤቴ ገብቼም ጥያቄው አልለቀቀኝም።

በሳምንቱ የካራ ብላክን ታሪክ ይዤላቸው ሄድኩ።

ካራ ብላክ አፍሪካዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ1979 በዛሬዋ ሐራሬ፣ ዚምባብዌ ተወለደች። አባቷ ዶን ብላክ ራሱ በእንግሊዙ ታላቅ ውድድር በዊምብልደን የተጫወተ ሰው ነበር። የአቮካዶ እርሻ ነበራቸው፤ እዚያው ግቢ ውስጥ አባትየው ለልጆቹ የሣር ሜዳ አዘጋጀላቸው። ሦስቱም ልጆች ስማቸው የተጠራው በጥንድ ጨዋታ ነው። ታላቁ ባይረን እ.ኤ.አ. በ1994 በጥንድ የዓለም አንደኛ ሆነ፤ በዚያው ዓመት የፈረንሳይን ኦፕን ከጆናታን ስታርክ ጋር አሸነፈ። ዌይን ከሀገሩ ልጅ ከኬቨን ኡሌት ጋር በ2001 የአሜሪካን፣ በ2005 የአውስትራሊያን ዋንጫ ወሰደ።

ካራ በነጠላም ተጫውታለች። የደረሰችበት ከፍተኛ ደረጃ 31ኛ ነው። ከመላው ዓለም 31ኛ መሆን ትልቅ ነገር ነው። ግን በነጠላ ያነሳችው የከፍተኛ ደረጃ ውድድር ዋንጫ አንድ ብቻ ነው፣ በ2002 ሃዋይ ላይ። በጥንድ ስንት መሰላችሁ? 60። የዓለም አንደኛ ሆና የቆየችው 163 ሳምንት ነው። ይህን ቁጥር ሰሌዳው ላይ ስጽፍ የኋላ ወንበር ላይ የነበሩት ተነስተው ቆሙ።

አራቱ ታላላቅ ውድድሮች (አውስትራሊያ፣ ፈረንሳይ፣ ዊምብልደን እና አሜሪካ) ላይ በሴቶች ጥንድ አምስት፣ ወንድና ሴት አብረው በሚጫወቱበት በድብልቅ ጥንድ አምስት ዋንጫ አላት። በ2004 ዊምብልደንን ከሬኔ ስታብስ ጋር ወሰደች። ከዚያ ከሊዝል ሁበር ጋር ዊምብልደንን ሁለት ጊዜ፣ በ2005 እና በ2007፣ ደግሞም የ2007ቱን አውስትራሊያን እና የ2008ቱን አሜሪካን ጨመረች። በድብልቅ የመጀመሪያውን ያገኘችው ከገዛ ወንድሟ ከዌይን ጋር ነው፣ በ2002 ፈረንሳይ ላይ። በ2004 ደግሞ ወንድምና እህት ዊምብልደንን ደገሙ። የቀሩትን ሦስቱን ከሕንዳዊው ሊያንደር ፓይስ ጋር ሞላች። በ2012 ልጅ ወልዳ ወደ ሜዳ ተመለሰች። በ2014 ከሳንያ ሚርዛ ጋር የዓመቱን ማጠቃለያ ውድድር ሲንጋፖር ላይ አሸነፈች።

«ከወንድሟ ጋር አይጣሉም ነበር?» ብላ የጠየቀች ልጅ አለች። ክበባችን ውስጥ ወንድምና እህት አሉ። ሁሉም ዞሮ እነሱን አየ። ሁለቱ ግን አንገታቸውን ደፉ፤ ባለፈው ሐሙስ በሰርቭ (ነጥቡን በሚያስጀምረው ምት) ተራ ተጣልተው ነበር።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ሌላው ጥያቄ ነው። «ይሄን ሁሉ ሰው እየቀያየረች እንዴት ሁሌ አሸነፈች?» አለ አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ። የጥንድ ተጫዋች ሙያ እዚህ ላይ ነው። ኃይለኛ ሰርቭ ብቻውን አያኖርም። ሰርቭ ሲመጣ ዝቅ አድርጎ ሮጦ በሚመጣው ሰው እግር ስር መመለስ ያስፈልጋል። መረብ ስር ቆሞ ኳሱ መሬት ሳይነካ መምታት ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ ግን አጠገብህ የቆመው ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ባለሙያዎቹ ከእያንዳንዱ ነጥብ በፊት የሚንሾካሾኩት። ከመረቡ ስር ያለው እጁን ከጀርባው አድርጎ በጣት ምልክት ይሰጣል። የእኛም ልጆች የራሳቸውን ምልክት አወጡ፤ ቡጢ ከሆነ «ቦታዬ ላይ እቆማለሁ»፣ መዳፍ ከተዘረጋ «አቋርጬ እገባለሁ» ማለት ነው። የጥንድ ተጫዋች የሜዳ ዕድሜውም ይረዝማል። ሕንዳዊው ሮሃን ቦፓና በጥንድ የዓለም አንደኛ የሆነው በ2024፣ በ43 ዓመቱ ነው። ይህን ስናገር ልጆቹ እኔን እያዩ ሳቁ። ባልደረቦቼም ይህን አንብበው ሐሙስ ቢመጡ ደስ ይለናል።

ታሪኩን ልጆቹ ራሳቸው አሳጥረው በሚኒ ሚዲያ በእረፍት ሰዓት አቀረቡት። ከዚያ በኋላ ስለ «እውነተኛው ቴኒስ» የጠየቀኝ የለም።

ሌላውን በአጭሩ ልለፈው። በዓመቱ ዘጠኝ ስብሰባ አድርገናል፤ ቃለ ጉባኤው አስተባባሪው ጋ አለ። አመራር ተመርጧል። የውስጥ ውድድር ሁለት ጊዜ ተካሂዷል። በወላጆች ቀን ሠርቶ ማሳያ አቅርበናል፤ ንፋሱ መረቡን ባይጥለው ጥሩ ነበር።

የጎደለንም አለ። የአባላቱ ቁጥር ከ43 ወደ 26 ወርዷል። ሴቶቹ ልጆች ይበልጥ ቀንሰዋል፤ ከትምህርት በኋላ ቤት ውስጥ ሥራ ይጠብቃቸዋል። ከ24 ኳሶች በጥር ላይ ዘጠኝ ብቻ ቀሩ። ግማሹ ነጠረ አልነጠረ የማይባል ሆነ፤ አየር የተሞላ ኳስ ጣሳው ከተከፈተ በኋላ ቶሎ ይሞታል። የቀረው አጥሩን አልፎ ገብስ ውስጥ ገባ። የገብሱ ባለቤት አባት ግን ይመስገኑ። አዝመራውን ሲያጭዱ ያገኟቸውን ሰባት ኳሶች በፌስታል ይዘውልን መጡ። «እንቁላል መስሎኝ ነበር» ብለው ልጆቹን አሳቋቸው።

አሁን ወደ ሸዋ ሮቢት ጉዞ ልምጣ። ሁለት ጊዜ ተራዝሞ በየካቲት ተሳካ። 12 ልጆች፣ የፊዚክስ መምህሩ እና እኔ በአንድ ሚኒባስ ሄድን። የመኪናውን ኪራይ ያዋጡት ልጆቹ እና አምስት መምህራን ናቸው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ስንነሳ መስታወቱ ላይ ውርጭ ነበር። ሁሉም ጋቢ ተከናንቧል። ጣርማበር ጉም ውስጥ ነበረች። ዋሻው ውስጥ ስንገባ ልጆቹ ጮሁ፤ ሾፌሩም ከልካይ አልሆነም። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ቁልቁል ነው። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛን፣ ጋቢው ወለቀ። አርማኒያ ላይ ሹራቡ ወለቀ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ካልሲውም ወለቀ። ከልጆቹ አራቱ ከደጋ ወጥተው አያውቁም ነበር። አንዷ የማንጎ ዛፍ ግንድ በእጇ ነካ ነካ አድርጋ «እውነት ይሄ ነው?» አለችኝ።

የተቀበሉን የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች እንደ እኛው ጀማሪዎች ናቸው። ሜዳቸው የተጠቀጠቀ አፈር ነው፤ መስመሩን ማታውኑ በኖራ አስምረው ጠብቀውናል። ውኃና ሙዝ አዘጋጅተዋል። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ጨዋታው ሲጀመር ልጆቻችን ግራ ገባቸው። እዚህ ሜዳውን አልፎ የሚሄደው ምት እዚያ ሜዳው መሀል ይወድቃል። ኳሱ የከበደ መሰላቸው። የፊዚክስ መምህሩ ሥራ አገኘ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 አካባቢ። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሱን አይዘውም፤ እዚያ ወፈር ይላል፣ ይይዘዋል። በዓለም አቀፉ ደንብ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ የተለየ ኳስ ተፈቅዷል። እኛ ግን የምንጫወተው በተገኘው ነው። መምህሩ በኖራ መሬት ላይ እየሳለ ሲያስረዳ የሁለቱም ትምህርት ቤት ልጆች ከበውት ነበር። በኔ አስተያየት ያ አሥር ደቂቃ ብቻውን የሚኒባሱን ኪራይ ያወጣል።

ስለ አንዲት ልጅ ልንገራችሁ። ስሟን አልጠቅስም፤ የምታውቋት ታውቋታላችሁ። የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከገጠር መጥታ ከታናሽ ወንድሟ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ትማራለች። ቅዳሜ ስንቅ ልታመጣ ወደ ቤት ትወጣለች፣ እሁድ ማታ ትመለሳለች። ክፍል ውስጥ ስሟ ሲጠራ «አቤት» የምትለው ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ ነው። ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ሰምቻለሁ ብል እዋሻለሁ። ጥሩ ትመታለች። ችግሯ የመሀል ኳስ ነው።

ጥንድ የተጫወተ ሰው የመሀል ኳስን ያውቃል። በሁለቱ ተጫዋቾች መካከል የምትመጣ ኳስ ናት። ይቺ «ያንቺ ናት» ትላለች፣ ያቺም «ያንቺ ናት» ትላለች፣ ኳሷ በመሀል ታልፋለች። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ቀድሞ መጮህ። «የኔ!» ማለት። ይህን ከመስከረም ጀምሮ ነግሬያታለሁ። ትሰማኛለች፣ አንገቷን ትነቀንቃለች፣ ኳሷ ስትመጣ ግን ዝም ትላለች።

እሷና ጓደኛዋ አንዱን ዙር አሸንፈው አንዱን ተሸነፉ። ሦስተኛውን በባለሙያዎቹ የጥንድ ውድድር እንደሚደረገው እስከ 10 ነጥብ በታይብሬክ፣ በሁለት ነጥብ ብልጫ በሚለይ አጭር ማለያ፣ ጨረስነው። 8 ለ 8 ሆነ። ተጋጣሚዎቹ ኳሷን ወደ ላይ ሰቀሏት። ልክ መሀል ላይ መጣች። ጓደኛዋ ወደ እሷ አየች። እኔ ትንፋሼን ያዝኩ።

«የኔ ናት!»

ድምጿ ከግቢው ውጭ ተሰማ። ሙዝ የሚበሉት ዞሩ። ጓደኛዋ ደንግጣ ወደ ጎን ዘለለች። ልጅቷ ራኬቱን አነሳች፣ መታች፣ ኳሷ መረቡ ላይ ቀረች።

9 ለ 8 ተመራን። ፊቷ ይጨልማል ብዬ ጠበቅሁ። ጓደኛዋ መጥታ እጇን መታ አደረገቻት፣ ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር አለቻት። በሚቀጥለው ነጥብ ኳሷ እንደገና መሀል መጣች። «የኔ!» አለች እንደገና። አገባችው። 9 እኩል። መጨረሻ ላይ 11 ለ 9 ተሸነፍን። እኔ ግን ፊቴን አዙሬ ዓይኔን እየጠረግሁ ነበር፤ ከልጆቹ ያየኝ ካለ አቧራው አልነበረም።

ስንመለስ ጣርማበር ላይ እንደገና ጋቢ ለበስን። ሁሉም እንቅልፍ ወስዶታል። እሷ ከኋላዬ ለጓደኛዋ ቀስ ብላ «ጮህኩ አይደል?» ስትል ሰማኋት።

በጀት ሲከፋፈል ክበባችን የሚገባው «ልዩ ልዩ» በሚለው ረድፍ ነው። የእግር ኳስ ቡድናችንን እንወዳለን፤ ሲጫወት ሄደን እንደግፋለን። ነገር ግን ለእሱ በየዓመቱ አዲስ ማሊያ ከተገዛ፣ ለ26 ልጆች ኳስ መግዛት ከባድ ሊሆን አይገባም። የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አየር የማይሞላ፣ ለደጋ የሚሆን፣ ቶሎ የማይሞት ኳስ አራት ደርዘን። ሁለቱን ራኬቶች አዲስ አበባ ልኮ ማስወጠሪያ። በገብሱ በኩል ከፍ ያለ የሽቦ አጥር። የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት፣ የቀድሞ ተማሪዎቻችን፣ እናንተም የምታነቡት፣ ከሦስቱ አንዱን ብትይዙልን ቀሪውን እኛ እናዋጣለን።

ለክረምቱ ሰባቱ ራኬቶች ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎባቸዋል፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ስምንተኛው በንብረት መዝገቡ ላይ በተዋሰችው የ9ኛ ክፍል ተማሪ ስም ተፈርሞበታል። ግድግዳ እንኳን ባይኖር ታናሽ ወንድሟ እየወረወረላት እንደምትለማመድ ነግራኛለች። ከሁለት ኳስ ጋር ባዶው የስንቅ ከረጢቷ ውስጥ ከትታ ይዛው ሄደች።