«እኔ» የሚለው ማን ነው?

ውድ ልጄ፣

የቶሚ አዴየሚን «ችልድረን ኦፍ ብለድ ኤንድ ቦን» የተሰኘ የአስማት ልቦለድ ልትጀምሪ ነውና ከመግለጥሽ በፊት ይቺን አንብቢ። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ የደራሲዋ የበኩር ሥራ ነው፤ የሦስት ተከታታይ መጻሕፍትም መጀመሪያ። ከአምስት መቶ ገጽ በላይ ስለሆነ ርዝመቱ ያስፈራ ይሆናል፤ ምዕራፎቹ ግን አጫጭር ናቸው። አንባቢን የሚያደናግረው ሌላ ነገር ነው።

ታሪኩን የሚነግሩን ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ዜሊ፣ ልዕልት አማሪና ወንድሟ ልዑል ኢናን። ሦስቱም «እኔ» እያሉ፣ ነገሩ አሁን ዓይናቸው ፊት እየሆነ እንዳለ አድርገው ይተርካሉ። «እኔ» ደግሞ ወንድና ሴት አይለይም። የሦስቱ የአነጋገር ለዛም በጣም ይቀራረባል፤ በእኔ ግምት የመጽሐፉ ትልቁ ድካም ይህ ነው። ስለዚህ በየምዕራፉ አናት የተጻፈውን ስም ሳታዪ አትለፊ። ንባብሽን ስታቆሚ ምዕራፍ ጨርሰሽ አቁሚ። መሐል ላይ ካቋረጥሽ በማግስቱ ወደ ምዕራፉ መጀመሪያ ተመልሰሽ ስሙን አረጋግጪ፤ አለዚያ የአማሪን ፍርሃት ለዜሊ ሰጥተሽ ሃያ ገጽ ትጓዣለሽ።

ደብተርሽ ላይ አንድ ገጽ ለሦስት ክፈይና በእያንዳንዱ ስም ሥር ሦስት ነገር መዝግቢ፦ ምን ያውቃል፣ ምን ይፈልጋል፣ ማንን ይፈራል። ለአንድ ምዕራፍ አንድ መስመር ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ማስታወሻው ራሱ ሥራ ይሆንብሽና ትተዪዋለሽ። ጥቅሙን ገና ከጅምሩ ታዪዋለሽ። አማሪ የንጉሡ ልጅ ናት፤ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ በደንገጡሯ ላይ የደረሰውን አይታ ነው የሸሸችው። አንቺ ይህን ታውቂያለሽ፣ ዜሊ ግን አታውቅም። ደብተሩን ካላየሽ ዜሊ በልዕልቲቱ ላይ የምታሳየው ጥላቻ ያለ አግባብ ይመስልሻል። ብዙ ተራኪ ባለበት መጽሐፍ የሚሠራው ዋናው ስህተት አንባቢ የሚያውቀውን ባለታሪኩም ያውቃል ብሎ ማሰብ ነው።

በኢናን ላይ በተለይ ተጠንቀቂ። አባቱን አምኖ እህቱን የሚያሳድድ ልዑል ነው። ከውስጥ ሆነሽ ስለምትሰሚው ታዝኚለታለሽ፤ እዘኚለት፣ ደራሲዋም የፈለገችው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ስለ አስማት የሚናገረው ሁሉ ከአባቱ የተማረው መሆኑን አትርሺ። አንድ ጠባብ ዓምድ ደግሞ ለዜሊ ወንድም ተዪ። ዜሊና አማሪ አስማትን ለመመለስ ከሚያደርጉት ጉዞ አይለይም፣ የራሱ ምዕራፍ ግን የለውም፤ ስለ እሱ የምናውቀው ሁሉ በሌሎች ዓይን የታየውን ነው።

አስማቱን በተመለከተ መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ የአስማተኛ ጎሳዎች ዝርዝር አለ፤ ቶሎ ቶሎ ስለምትመለሽበት ብጣሽ ወረቀት አድርጊበት። ጎሳዎቹ አሥር ናቸው። አራቱ የውሃ፣ የእሳት፣ የነፋስ፣ እንዲሁም የመሬትና የብረት ናቸው፤ የቀሩት ስድስቱ ሕይወትና ሞትን፣ አእምሮን፣ ብርሃንና ጨለማን፣ ፈውስና ደዌን፣ ትንቢትን፣ እንስሳትን ይዘዋል። አራቱን ባሕርያተ ሥጋ ስለተማርሽ ነገሩ እንግዳ አይሆንብሽም። በእኛ ትምህርት ግን መሬት፣ ውሃ፣ ነፋስና እሳት በአንድ ሰው ሥጋ ውስጥ አብረው አሉ፤ እዚያ ለአንድ ጎሳ የሚደርሰው አንዱ ኃይል ብቻ ነው። አስማት በተሠራ ቁጥር ምን እንዳስከፈለ ጠርዙ ላይ በእርሳስ ጻፊ። ኃይሉ አሼ ይባላል፤ ሲሠሩበት ያልቃል፣ በደም የሚደረገው ደግሞ ሠሪውን እስከ መግደል ይደርሳል። ይህን ሂሳብ ካልያዝሽ ማን ለምን እንደተሸነፈ አይገባሽም፤ ሁሉም የዕድል ይመስልሻል።

ድግምቶቹ በናይጄሪያው የዮሩባ ሕዝብ ቋንቋ ናቸው። አትዝለያቸው፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢያቸው። ኦሚ ውሃ ነው፣ ኢና እሳት። የእኛው «አስማት»ም በግዕዝ «ስሞች» ማለት መሆኑን አስቢና፣ እነ ዜሊ አማልክቱን እየጠሩ ሲደግሙ ቃሉ ምን ያህል እንደሚገጥም ታዪያለሽ። መጽሐፉን የዮሩባ እምነት ማስተማሪያ አድርገሽ ግን አትያዢው። በዮሩባ ዘንድ ኦያ የነፋስና የማዕበል አምላክ ናት፤ እዚህ የሕይወትና የሞት ሆናለች። ኢሎሪንም በናይጄሪያ ካርታ ላይ ከባሕር የራቀች ከተማ ናት፣ በመጽሐፉ ግን የዓሣ አጥማጆች መንደር ነች። ደራሲዋ እያወቀች የለወጠችው ነውና ስህተት ነው ብለሽ አትለፊው።

መጨረሻ ላይ የደራሲዋ ማስታወሻ አለ። ቀድመሽ አትግለጪው። አሜሪካ ውስጥ ፖሊስ ስለሚገድላቸው ጥቁሮች ነው የምትናገረው፤ እሱን እንዳነበብሽ ዜሊ እናቷን በንጉሡ ወታደሮች እጅ ስላጣችበት ሌሊት ወደተናገረችበት ገጽ ተመለሺ። ከዚያም ሁለተኛውን መጽሐፍ ከመጀመርሽ በፊት የኢናንን ምዕራፎች ብቻ ለይተሽ በተከታታይ አንብቢ። ሐሳቡ የተለወጠበትን መስመር ካገኘሽው ገጹን ጻፊልኝ።

እናትሽ