ሳልመልስልሽ የቆየሁት ጥያቄ

ይድረስ ለማልረሳሽ ጓደኛዬ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ቤተሰብሽ ሁሉ ደኅና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ሳልጽፍልሽ ቆየሁ። የመጨረሻው ደብዳቤሽ አሁንም ከመጻሕፍቴ መካከል አለ፤ ዛሬ አውጥቼ ደግሜ አነበብኩት። «የነገርሽኝን አኒሜ፣ ያን የጃፓን ካርቱን፣ ስድስት ክፍል አይቼ ተውኩት፤ ጩኸቱ አደከመኝ። ቀስ የሚል፣ ሰው የሚተነፍስበት ዓይነት የለም?» ብለሽ ነበር። ያኔ ቅር አለኝ። የምወደውን ነገር የናቅሽብኝ መሰለኝ። ነገ እመልስላታለሁ እያልኩ ቀናት አለፉ፤ ቀኖቹ ወራት ሲሆኑ ደግሞ ኀፍረቱ ያዘኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ጸጥታ ለምትወድ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የሚታየውን፣ ከሺህ ክፍል በላይ የሆነውን «ዋን ፒስ»ን ማስጀመር አልነበረብኝም። ግሩም ሥራ ነው፤ ግን የጠየቅሽኝ እርሱን አልነበረም።

ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ «ፍሪረን» የሚባለው አኒሜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የተጀመረ ሲሆን የመጀመሪያው ምዕራፍ 28 ክፍል አለው። ሌሎች ታሪኮች ከሚያልቁበት ቦታ ይነሣል፤ አራት ጓደኛሞች አሥር ዓመት ተጉዘው የአጋንንቱን ንጉሥ ድል ካደረጉ በኋላ ወደ ከተማ ሲመለሱ። ከአራቱ አንዷ ፍሪረን ከሺህ ዓመት በላይ የኖረች ጠንቋይ ናት፤ አሥሩ ዓመት ለእርሷ እንደ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። በሃምሳ ዓመት አንዴ የሚታየውን የተወርዋሪ ከዋክብት ዝናብ አብረው ያያሉ፤ «በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ የተሻለ ቦታ አሳያችኋለሁ» ብላ ትሄዳለች። ሃምሳ ዓመት ቆይታ ስትመለስ ከጓደኞቿ አንዱ፣ ጀግናው ሂመል፣ ጎብጦ፣ አርጅቶ ይጠብቃታል። ከዋክብቱን አይተው ብዙም ሳይቆይ ይሞታል። ያን ጊዜ ነው፣ ቀብሩ ላይ፣ እንባዋ የሚመጣው። የሰው ዕድሜ አጭር መሆኑን ታውቅ ነበር፤ ታዲያ እርሱን ለማወቅ ለምን አልሞከረችም? ከዚያ በኋላ የምትሄደው ያንኑ የድሮውን መንገድ ነው፤ በየመንደሩ ከእርሱ የቀረውን እያገኘች።

እዚያ ላይ ሲደርስ አቆምኩት። ደብዳቤሽን የፈለግሁት ያን ምሽት ነው።

እንግዲህ ጥያቄሽን ልመልስ። ጃፓኖች ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ስም አላቸው፤ «ኢያሺኬ» ይሉታል፤ የሚፈውስ፣ የሚያሳርፍ እንደ ማለት ነው። ከሁሉም በፊት «ሙሺሺ»ን እዪልኝ። እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረ ሲሆን የመጀመሪያው ምዕራፍ 26 ክፍል አለው፤ ዩኪ ኡሩሺባራ ከጻፈችውና ከሣለችው ማንጋ (በሥዕል የሚተረክ የጃፓን መጽሐፍ) ሂሮሺ ናጋሃማ ነው ለአኒሜ ያዘጋጀው። ጊንኮ የሚባል ነጭ ጸጉር ያለው ሰው ባለ ብዙ መሳቢያ የእንጨት ሣጥን ተሸክሞ ከመንደር መንደር ይዞራል። «ሙሺ» የሚባሉት እንስሳም ዕፅዋትም ያልሆኑ ረቂቅ ፍጥረታት ናቸው፤ ብዙ ሰው አያያቸውም፤ ግን ጆሮ ውስጥ ይገባሉ፤ ዓይን ውስጥ ያድራሉ፤ ሕልም ያዛባሉ። ጊንኮን የወደድኩት ሙሺን እያሳደደ የሚገድል ስላልሆነ ነው። ሙሺው ክፉ አይደለም፤ መኖሩ ነው፤ የታመመውም ሰው አልበደለም። ጊንኮ በሁለቱ መካከል ቆሞ መውጫ ይፈልጋል፤ አንዳንዴ ያገኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ የሚቻለው ኀዘኑን ማቅለል ብቻ ይሆናል። እርሱ ራሱ ሙሺ ስለሚስብ አንድ ቦታ ብዙ መቆየት አይችልም፤ ሁልጊዜ ተነሥቶ ይሄዳል።

እያንዳንዱ ክፍል በራሱ ሙሉ ታሪክ ነው፤ ሃያ አራት ደቂቃ ያህል ብቻ ይወስዳል። ሦስተኛውን ክፍል ስታዪ በምንም ነገር አትቸኩዪ። በረዶ የዋጣት መንደር ናት፤ ሰዎቹ መስማት ያቆማሉ፤ አንድ ልጅ ግን በተቃራኒው ሊሸከመው የማይችለው ድምፅ ይሰማዋል። መድኃኒቱ ከእናቱ እጆች ጋር የተያያዘ ነው፤ ከዚህ በላይ አልነግርሽም። እባክሽ በአንድ ምሽት ከአንድ ክፍል በላይ አትዪ። ተከታትለሽ ካየሽው ይደበላለቅብሻል፤ አንዱን አይተሽ ከተኛሽ ግን በማግሥቱ ሥራ ላይ ሳለሽ ትዝ ይልሻል። የጃፓንኛውን ድምፅ ከትርጉም ጽሑፍ ጋር ምረጪ፤ የጊንኮ የተረጋጋ አነጋገር የታሪኩ ግማሽ ነውና።

ልብሽ ቀለል ያለ ነገር ሲፈልግ «ዩሩ ካምፕ» አለልሽ። እ.ኤ.አ. የ2018 ሥራ ነው፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ 12 ክፍል አለው። ሪን የምትባል ተማሪ በብርዱ ወራት ብቻዋን ሞቶሱ ሐይቅ ዳር ድንኳን ትተክላለች፤ ከፊት ለፊቷ ፉጂ ተራራ አለ። ናዴሺኮ የምትባል ሌላ ልጅ ድንገት ትመጣባትና ይተዋወቃሉ። ሌላ ደራሲ ቢሆን ብቸኛዋን ሪን «ሊያስተካክላት» ይሞክር ነበር። እዚህ ግን ብቻዋን መሆን የምትወድ ልጅ ብቻዋን ስትሆንም ደስተኛ ናት፤ ጓደኞቿ ይህንን ያከብሩላታል፤ ካሉበት ሆነው ፎቶግራፍ ይላላካሉ። አንቺን ስለማውቅ ይህን እንደምትወጂው አልጠራጠርም።

«አሪያ» የምትባለዋን አሁን አትጀምሪ። በውኃ በተሸፈነች ማርስ ላይ፣ ቬኒስን በምትመስል ከተማ ጀልባ መቅዘፍ ስለሚማሩ ልጃገረዶች ናት፤ በጣም ውብ ናት፤ ግን ምንም የማይሆንባቸውን ደቂቃዎች መልመድ ይፈልጋል። ከ«ሙሺሺ» በኋላ ትደርሽባታለሽ።

«ማርች ካምስ ኢን ላይክ ኤ ላየን»ን ግን ጊዜ መርጠሽ እዪው። በሁለት ምዕራፍ 44 ክፍል ነው። ሬይ የአሥራ ሰባት ዓመት የሾጊ ተጫዋች ነው፤ ሾጊ የጃፓኖች ቼዝ ነው። ቤተሰቡን በአደጋ አጥቶ በባዶ ቤት ይኖራል፤ ከወንዙ ማዶ ያሉ ሦስት እኅትማማቾች ማዕዳቸውን ያካፍሉታል። እርጋታው እንደሌሎቹ አያሳርፍም፤ ሬይ ሲጨልምበት ስዕሉም አብሮ ይጨልማል። ሁለተኛው ምዕራፍ ውስጥ አንዷ እኅት ትምህርት ቤት ውስጥ የሚደርስባት ግፍ አለ፤ አይቼ አልቅሻለሁ። የከፋሽ ሰሞን አትጀምሪው።

ታናሽ ወንድምሽ አብሮሽ ማየት ከፈለገ እርሱን በዚህ ፍጥነት አትያዢው። «ፉልሜታል አልኬሚስት፦ ብራዘርሁድ»ን ስጪው፤ 64 ክፍል ነው፤ ማንጋውም አኒሜውም እ.ኤ.አ. በ2010 ስለተጠናቀቁ መጨረሻውን እየጠበቀ አይንገላታም። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ትናንት ማታ «ሙሺሺ»ን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። በየምሽቱ አንድ ክፍል ብቻ ነው የማየው፤ ደብዳቤዬ እንደደረሰሽ ከጀመርሽ ብዙም አልቀድምሽም። ሦስተኛውን ስትጨርሺ ጻፊልኝ፤ የልጁ እናት ያደረገችውን ነገር አንቺ እንዴት እንዳየሽው መስማት እፈልጋለሁ። ካልወደድሽውም ጻፊልኝ። በዚህኛው ጊዜ እመልስልሻለሁ።

ናፋቂ ጓደኛሽ