የቢሯችን ስልክ ለምን ዲዳ ሆነ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ቢሯችን ቱሉ ዲምቱ ነው። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር የጠረጴዛ ስልኮቻችን ዲዳ ይሆኑ ነበር። ባለሙያው ይመጣል፣ አጥፍቶ ያበራል፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። በቀደም ራሴ የአንዱን ስልክ ሜኑ ከፍቼ ሳይ ነገሩ ገባኝ፤ ስልኩ ጥሪ የሚያከፋፍለውን ማዞሪያ፣ ማለትም ፒቢኤክሱን፣ የሚፈልገው 192.168.1.120 በሚል የኔትወርክ አድራሻ (አይፒ) ላይ ነው፣ ማዞሪያው ግን መብራት ሲመጣ ከራውተሩ አዲስ አድራሻ ተቀብሎ 192.168.1.137 ላይ ቁጭ ብሏል። ቤት ቀይሮ ለዘመድ ያልተናገረ ሰው በሉት!

ራውተሩ አድራሻ የሚያድለው የመጨረሻው ቁጥር ከ100 ጀምሮ ያለውን ነው። ስለዚህ ለማዞሪያው ከዚያ ውጭ ቋሚ አይፒ ሰጠሁት፣ 192.168.1.10፣ ስልኮቹንም ወደዚያ መራኋቸው። ስልኮቹ ራሳቸው በዲኤችሲፒ፣ ማለትም ራውተሩ በሚያድላቸው አድራሻ፣ ቢቀጥሉ ግድ የለም፤ ፈላጊዎቹ እነሱ ናቸው።

መርካቶ ያለው ሱቃችን በቪፒኤን፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ በተዘረጋ የግል መስመር፣ ሲገናኝ ደግሞ ወደ ሱቁ ኔትወርክ፣ ወደ 192.168.2.0፣ የሚወስደውን መንገድ በራውተሩ ላይ በእጅ ጻፍኩ፣ በዚያኛው በኩልም መመለሻውን። መመለሻው ከተረሳ ጥሪው ይሄዳል፣ መልሱ መንገድ ያጣል። ባለሙያው "ኦኤስፒኤፍ ያስፈልጋችኋል" ብሎን ነበር፤ ራውተሮች መንገዱን እርስ በርስ በራሳቸው የሚነጋገሩበት ዘዴ ነው። ለሁለት ቢሮ? እሱ እኮ ቅርንጫፍ ለበዛበት ነው።

ስልክ የምትገጥሙልን ባለሙያዎች ሆይ፣ ስትጨርሱ ቢያንስ የማዞሪያውን አድራሻ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለጥፉልን።

ከቱሉ ዲምቱ፣ አንባቢያችሁ